ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን ከቤት ደጅ መሸጥ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቀረበ መረጃ

የቤት ባለቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በራሱ ግቢ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ዘርግቶ ለጎረቤትና ለአላፊ አግዳሚ የሚሸጥበት አሠራር በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነው። ሽያጩ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በመኪና ማደሪያ ቤት ደጃፍ በመሆኑ ስያሜውም ከዚያው ተወስዷል። በኔዘርላንድስ ደግሞ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 በሚከበረው የንጉሡ ቀን ነዋሪዎች ሕፃናትን ጨምሮ አሮጌ ዕቃቸውን ያለ ንግድ ፈቃድ በየመንገዱ ዘርግተው ይሸጣሉ። የአፍሪካ ኅብረትና የበርካታ ኤምባሲዎች መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባም የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው የሚሄዱ የውጭ ዜጎች ይህንኑ ሽያጭ ሲያካሂዱ ይታያል፤ የከተማው ነዋሪም "ጋራዥ ሴል" በሚል ስም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ጋራዥ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የመኪና መጠገኛ ነው። አብዛኛው ቤትም ግቢና በረንዳ እንጂ የመኪና ማደሪያ የለውም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ "የደጅ ሽያጭ" የሚለው አገላለጽ ተመርጧል።

መረጃው በተለይ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች የተዘጋጀበት ምክንያት አለ። ሦስቱም ከተሞች አዲስ አበባን ከከበቡት መካከል ሲሆኑ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በከተሞቹ ቤት የሚሠራው፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ የሚገባው፣ ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው የሚዛወረው ሰው ብዙ ነው። ቤት በተለወጠ ቁጥር ከአዲሱ ሳሎን ጋር የማይስማማ ብፌ፣ በጠባቡ በር የማያልፍ ቁም ሳጥን፣ ግንባታ ሲያልቅ የተረፈ ቆርቆሮና አጣና ይኖራል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ሰፈር ባዶ ክፍል ተከራይቶ አልጋ የሚፈልግ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጎጆ የሚወጡ ሙሽሮች፣ ቤት ጀምሮ በርና መስኮት ያጠረው ሰው አለ። ሁለቱ ወገኖች ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በመካከላቸው ቆራሌው፣ ደላላው ወይም የመርካቶ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይገባል፤ የዋጋው ልዩነትም ከሁለቱም ኪስ ይወጣል።

ቆራሌው የሚገዛው ምንድን ነው?

"ቆራሌው" የሚለው ጥሪ "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው አነጋገር እንደመጣ ይነገራል። በየሰፈሩ እየዞረ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ የሚገዛው ቆራሌው፣ እንዲሁም አሮጌ ልብስን በሳፋና በብርጭቆ የሚለውጠው "ልዋጭ" ለከተማ ኑሮ የሚሰጡት አገልግሎት ሊናቅ አይገባም። በእነርሱ ትከሻ የተሰበሰበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ማንደጃና ባልዲ ይሆናል።

ሆኖም የሚከፍሉት ዋጋ የሚሰላው በጥሬ ዕቃው ነው። ቆራሌው ሲገዛ የመሸከሚያውን ድካም፣ የማጓጓዣውንና የመለየቱን ሥራ ከዋጋው ቀንሶ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያይ ብረቱን ይመዝናል፤ ጎረቤት ግን ምድጃውን ይገዛል። ያረጀ ጠረጴዛ ሲያይ እንጨቱን ይገምታል፤ ልጁ የሚያጠናበት ቦታ ያጣ ወላጅ ግን ጠረጴዛውን ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሠራን ዕቃ ለቆራሌው መስጠት የአገልግሎቱን ዋጋ ትቶ የቁሱን ዋጋ ብቻ መቀበል ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ደግሞ ሻጩ በጥድፊያ ላይ ሲሆን ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ አከራዩ ቁልፍ እየጠየቀ ዋጋ የሚከራከር ሰው የለም።

የደጅ ሽያጭ ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ልዩነት ነው። ቤተሰቡ ከመዛወሩ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ካሰበበት፣ ዕቃውን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ካሰባሰበና የዛሬውን ዋጋ ካወቀ ልዩነቱን ለራሱና ለገዢው ያተርፋል።

የራስን ዕቃ መሸጥና መነገድ

በርካታ ነዋሪዎች የሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ "ፈቃድ ያስፈልገኛል?" የሚለው ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው የጸና ፈቃድ ሳይኖረው የንግድ ሥራ መሥራት እንደማይችል ይደነግጋል። ነጋዴ የሚባለው ደግሞ ሥራውን ሙያዬ ብሎ፣ ጥቅም ለማግኘት የሚያከናውን ሰው ነው። ቤተሰብ ለራሱ ገዝቶ ሲገለገልበት የኖረውን ዕቃ ሲዛወር ወይም ሲለውጥ መሸጡ በራሱ ነጋዴ አያደርገውም።

መስመሩ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያው ሽያጭ ጥሩ ገንዘብ ያገኛል። በሚቀጥለው ወር የጎረቤቱን ሶፋ በርካሽ ገዝቶ ከራሱ ዕቃ ጋር ይዘረጋል። በሦስተኛው ወር ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ፍሪጅ በግቢው ይቆማል። ይህ ከእንግዲህ የደጅ ሽያጭ ሳይሆን ያገለገሉ ዕቃዎች ንግድ ነው፤ የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ ለብዙ ወጣት መነሻ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን ቀድሞ ማውጣት ግን ዕቃው ተወርሶ፣ ቤቱ ታሽጎ ከመሯሯጥ ይሻላል። ነጋዴ የሆነ ሰው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ተጨማሪ ግዴታ ይኖርበታል፤ ያገለገለን ዕቃ እንደ አዲስ አድርጎ ማቅረብ በአዋጁ የተከለከለ አሳሳች ድርጊት ነው።

ነጋዴ ያልሆነው የቤት ሻጭም ቢሆን ከኃላፊነት ነፃ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። "እንዳለ ነው የሸጥኩት" ማለት የሚጠቅመው ጉድለቱ ሳይደበቅ ከተነገረ ነው።

ዕቃውን የመሸጥ መብት ያለው ማን ነው?

ከዋጋ ክርክር ይልቅ ቤተሰብን ለፍርድ ቤት የሚዳርገው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ተገቢ ነው።

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። አዋጁ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ደህና ወንበር እንኳ አይገዛም። በመሆኑም በተግባር በግቢው የሚዘረጋው ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ወሰን በላይ ነው። የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ያለው በመሆኑ ዝርዝሩን ከአካባቢው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። ሕጉ የትኛውም ቢሆን ግን ባል በሌለበት የተሸጠ ቴሌቪዥን ወይም ሚስት ሳታውቅ የተሸጠ የማጀት ዕቃ ጠብ መውለዱ አይቀርም። የሚሸጠውን ዝርዝር ሁለቱም ፈርመውበት ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጅ ሲያርፍም እንዲሁ ነው። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ የሟች ንብረት የወራሾች የጋራ ሀብት ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ልጅ ብፌውን፣ የስፌት መኪናውንና አልጋውን ለብቻው ሸጦ ለአርባ ተዝካር ማውጣቱ በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል። ወንድምና እኅቶቹ ግን ሳይሰሙ ከተደረገ የቀረውም ንብረት ሰላም አያገኝም። በአርባው ወይም በሰማንያው ወራሾች ሁሉ በሚሰበሰቡበት ጊዜ ዝርዝሩን አንብቦ መስማማት የተሻለ ነው። በነገራችን ላይ የአያት ሣጥን ውስጥ የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ መስቀል ወይም ሌላ የቆየ ቅርስ ከተገኘ ለሽያጭ አይዘረጋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመለከተው ሊሆን ስለሚችል ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው አደጋ የተሰረቀ ዕቃ ነው። "የእኔንም ከአንተ ዕቃ ጋር ሽጥልኝ" ብሎ የማይታወቅ ሰው የሚያመጣው ላፕቶፕ ወይም የውሃ ፓምፕ ለደጅ ሻጭ ትልቅ ፈተና ነው። የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ንብረቱን በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅም ቢሆን ለማስመለስ ሊጠይቅ ይችላል። ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተቀበለ፣ የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል። የኤሌክትሪክና የቴሌኮም ሽቦ ወይም የመስመር መሣሪያ ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፤ አዋጅ ቁጥር 464/1997 በእነዚህ መሠረተ ልማቶች ላይ ለሚፈጸም ጥፋት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ከመንገድ የተነሣ ሽቦ እንኳ ቢሆን በግቢ ሽያጭ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከኤምባሲና ከዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ዕቃ የገዙ ነዋሪዎችም አንድ ነገር ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ይህ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት። የተከፈለበትን ማስረጃ ሳይዙ የተገዛ ትልቅ ዕቃ መልሶ ሲሸጥ ጥያቄ ያስነሳል።

ከዚህ በተረፈ መድኃኒት፣ የታሸገም ቢሆን፣ በደጅ አይሸጥም። የመድኃኒት ሽያጭ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ የተተወ ነው። የቤተሰብን የለበሰ ልብስ መሸጥ አይከለከልም፤ "ሰልባጅ" ተብሎ በኮንትሮባንድ የሚገባው ልብስ ግን ለንግድ ማስገባቱ የተከለከለ ስለሆነ ከቤት ልብስ ጋር ተቀላቅሎ መቅረብ የለበትም።

ዝግጅት

በእነዚህ ከተሞች ቶሎ የሚሸጠው ዕቃ ሳሎን የሚያሳምረው አይደለም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን ከማንኛውም ሶፋ ቀድመው ይነሳሉ። ስለሆነም ሻጩ ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት በርሜል ለውሃ መያዣ ተብሎ ከተሸጠ ሰው ይጎዳል። ቀጥሎ የሚፈለገው የግንባታ ትርፍ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ አጣና፣ በካርቶን የቀረ ሴራሚክ። ሱሉልታ ብርዳማ በመሆኗ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ገዢ አያጡም። በሰበታ ደግሞ ነጠላ አልጋ፣ ፍራሽና የኤሌክትሪክ ምድጃ በኪራይ ክፍል የሚኖረው ሠራተኛ ይፈልጋቸዋል።

የእንጨት ዕቃ በጥንቃቄ ይመረመር። በዋንዛ ወይም በጽድ የተሠራ የቆየ ቁም ሳጥን ላዩ ቢደበዝዝም ውስጡ ጠንካራ ነው፤ ተፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከቺፑድ የተሠራ አዲስ ዕቃ ግን አንዴ ውሃ ከነካውና ካበጠ አይመለስም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳይለይ የአያቱን ዋንዛ በርካሽ ለቆ የቺፑዱን ያስቀራል። የትኛው እንደሚሸጥ ከመወሰን በፊት ለሰፈር አናጺ ማሳየት ያዋጣል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ በገዢው ፊት ተሰክቶ መታየት አለበት። ፍሪጅ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ እንዲሠራ ይደረግ፤ ገዢው ሲከፍተው ብርዱ ራሱ ይናገራል። የእንጀራ ምጣድ ሲሆን ሸክላው ስንጥቅ እንደሌለውና ሽቦው ከዳር እስከ ዳር እኩል እንደሚያሞቅ በአንድ እንጀራ ማሳየት ይቻላል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጡ መፍጫዎችና የቡና ማፍያዎች ብዙዎቹ በ110 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ይህ ሳይነገር የተሸጠ ዕቃ በገዢው ቤት በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩ ካለ አብሮ ይሸጥ። የጋዝ ሲሊንደር ላስቲክ የተሰነጠቀ ከሆነ ተቆርጦ ይጣል፤ ገዢው አዲስ ይግዛለት። ፍራሽና ሶፋ ፀሐይ ላይ ውለው ትኋን እንደሌለባቸው ይረጋገጥ።

ስልክና ኮምፒውተር ከመሸጣቸው በፊት በውስጣቸው ያለው መረጃ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ የኢሜይልና የባንክ መተግበሪያ አካውንቶችም ይውጡ። የብፌና የኮመዲኖ መሳቢያም ወጥቶ ከሥሩ ይታይ። የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የእቁብ ደብተር ከመሳቢያ ጀርባ ወድቀው ከዕቃው ጋር የሚሄዱበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ዋጋ መቁረጥ

ነዋሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ዕቃውን በገዙበት ዋጋ በመገመት ነው። የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተሻሻለ ወዲህ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገቡ ፍሪጆች፣ ቴሌቪዥኖችና ምድጃዎች በብር ውድ ሆነዋል፤ አዲሱ ሲወደድ ያገለገለውም ይወደዳል። ከ6 ዓመት በፊት የተገዛ ፍሪጅ ዛሬ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ መነሻ መሆን ያለበት የድሮው ደረሰኝ ሳይሆን ተመሳሳዩ አዲስ ዕቃ በዚህ ሳምንት በሱቅ የሚጠየቅበት ዋጋ ነው። ከዚያ በደህና ሁኔታ ላይ ላለ የእንጨት ዕቃ ግማሹን፣ ዋስትናው ላለቀ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ከግማሽ በታች መጥራት አግባብ ያለው መነሻ ነው። "መጨረሻው ስንት ነው?" መባሉ የማይቀር በመሆኑ ሻጩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚጠራውንና የማይወርድበትን ሁለት ዋጋ አስቀድሞ በደብተር ይጻፍ።

ለስሌት እንዲመች ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከቡራዩ የሚዛወር ቤተሰብ ለዕቃው ሁሉ ከቆራሌውና ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በጥቅሉ 14,000 ብር ቀረበለት እንበል። እርሱ በደጅ ሽያጭ የጠራው ድምር 50,000 ብር ነው። በድርድር 15 በመቶ ሲቀንስ 42,500 ብር ይሆናል፤ ከዚህ የ6,500 ብሩ ዕቃ ሳይሸጥ ቢቀር 36,000 ብር ይገባል። ለጥገናና ለማጽጃ 1,800፣ ለድንኳንና ለጠረጴዛ ኪራይ 1,000፣ ለረዳቶች ምግብና ሻይ 1,000፣ ለማስታወቂያ 200 ብር ቢያወጣ ወጪው 4,000 ብር ነው። ያልተሸጠውን ለቆራሌው በ1,000 ብር ቢሰጥ በእጁ የሚቀረው 33,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 19,000 ብር ነው። ሦስት ሰዎች ዝግጅቱን ጨምሮ ለአራት ቀን ከሠሩ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ድካም ከ1,500 ብር በላይ ይደርሳል። ልዩነቱ 3,000 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን የቀን ዋጋው 250 ብር ስለሚሆን ቆራሌውን መጥራት ብልህነት በሆነ ነበር። ጥቂት ሰሃንና ሁለት ወንበር ላለው ሰው የደጅ ሽያጭ አይመከርም፤ ወይም ከጎረቤት ጋር ተዳብሎ ያካሂደው።

መዳበሉ በእርግጥ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ሦስትና አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ሲዘረጋ ገዢ ይበዛል፤ ጠባቂም አይጠፋም። የእድር ድንኳን፣ ወንበርና ጠረጴዛ በመጠነኛ ኪራይ ይገኛል፤ ማስታወቂያውም በእድር ስብሰባ ሲነገር ከማንኛውም ወረቀት ፈጥኖ ሰፈሩን ያዳርሳል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ዕቃ በተለያየ ቀለም ክር ወይም ወረቀት ይለይ፤ ገንዘብ የሚቀበል ሰውም አንድ ብቻ ይሁን።

ቀኑና ቦታው

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ፣ ማለትም ደመወዝ በተከፈለ ማግሥት ያለው ቀን ከሁሉ ይመረጣል። ከበዓል በፊት ያለው ሳምንት ግን አይረባም፤ የሰው ሁሉ ገንዘብ ለበግ፣ ለዶሮና ለቅቤ ስለሚሄድ ሶፋ የሚጠይቅ አይገኝም። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት በመሆናቸው ከእነርሱ በፊት ያሉት ሳምንታት ለአልጋ፣ ለቁም ሳጥንና ለማጀት ዕቃ ምቹ ናቸው። የትምህርት ቤት መከፈቻ ሲቃረብ ደግሞ የማጥኛ ጠረጴዛና ወንበር ይፈለጋል። በክረምት፣ በተለይ በሱሉልታ ጭቃ፣ ግቢ ውስጥ መዘርጋት ዕቃውንም ገዢውንም ማበላሸት ነው።

ዕቃው ከግቢ ወጥቶ የእግረኛ መንገድ ላይ ከተዘረጋ ጉዳዩ የጎዳና ንግድ ይሆናል፤ ስለሆነም ከአጥር ውስጥ መቆየት አለበት። ተከራይ የሆነ ሰው የአከራዩን ፈቃድ አስቀድሞ ያግኝ። የሰፈሩን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ከሚፈጠር ጭቅጭቅ ያድናል። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢጻፍ ገዢው ይበዛል፤ ያለ ፈቃድ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ግን አይለጠፍ። በቴሌግራም ለሚለቀቅ ማስታወቂያ የዕቃው ፎቶ፣ ዋጋውና የሰፈሩ ስም ይበቃሉ። "ወደ ውጭ ልንሄድ ስለሆነ" የሚል ምክንያትና የቤቱ ትክክለኛ መገኛ በአደባባይ መጻፉ ሌባን መጋበዝ ነው፤ መገኛው በስልክ ለጠየቀ ሰው ይነገር።

ደላላ በዚህ መካከል መምጣቱ አይቀርም። ሻጩ ያላነጋገረው ደላላ ገዢ ተከትሎ መጥቶ ኮሚሽን ከጠየቀ የመክፈል ግዴታ የለም። የሚፈልገው ከሆነ ግን መጠኑን ከሽያጩ በፊት መስማማት ይኖርበታል። የጫኝና አውራጅ ክፍያም እንዲሁ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት፣ ገዢው ባለበት ይቆረጥ።

የሽያጩ ዕለት

የሚሸጠው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ማንም ገዢ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። አንዱ ከገዢ ጋር ይነጋገር፣ አንዱ ገንዘብ ይቀበል፣ ሦስተኛው በሩ ላይ ይቁም። በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ የተከፈለ ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው በሻጩ የራሱ ስልክና የራሱ ሒሳብ ነው። ገዢው የሚያሳየው የስልክ ምስል ወይም ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ አጭር መልእክት ማስረጃ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ዕቃቸውን የተነጠቁ አሉ። ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ባለ 200 ብር ኖቶች አንድ በአንድ ይታዩ። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃ ማቆየት ከተፈለገ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ገዢው ካልመጣ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር።

ቅዳሜ ዋጋ ማርከስ አያስፈልግም፤ ከሩቅ የሚመጣው ገዢ ገና አልደረሰም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ለቀረው ዕቃ ሻጩ በደብተሩ ወደ ጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ መውረድ ይችላል። ማታ ላይ የሚቀረው ልብስና ብርድ ልብስ ለጎረቤት ችግረኛ ወይም እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ላሉ ማእከላት ይሰጥ። ብረታ ብረቱና ጠርሙሱ ሰኞ ጧት ለቆራሌው ይጠራለታል።

ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃ ሕጉ የጽሑፍ ውል ባያስገድድም አጭር ወረቀት መለዋወጥ ሁለቱንም ይጠብቃል። ይዘቱ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦ "እኔ … በዛሬው ዕለት … ዓ.ም. የራሴና የባለቤቴ የሆነውን ያገለገለ … በብር … ለ… ሸጫለሁ። ዕቃው በገዢው ፊት ተሞክሮ ሠርቷል። የታወቀው ጉድለት … ነው፤ ገዢውም አውቆ ተቀብሏል።" ሁለቱ ወገኖችና አንድ እማኝ ይፈርሙበት፤ የገዢና የሻጭ መታወቂያ ይተያይ። ፎቶ ተነሥቶ ዋናው በገዢው፣ ፎቶው በሻጩ እጅ ይቀመጥ።